ሠላሳ ቀን፣ ሃምሳ ሺህ ቃል፦ ልብ ወለድን በአንድ ወር የመጻፍ ልማድና የዕለት ቆጠራው

በአንድ ወር ውስጥ የልብ ወለድ ረቂቅ ጽፎ የመጨረስ ልማድ በዓለም የታወቀው «ናኖራይሞ» በሚል አሕጽሮት ነው። ሙሉ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ብሔራዊ የልብ ወለድ መጻፊያ ወር» ይሆናል፤ ተሳታፊው ከብዙ አገር መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን «ብሔራዊ» የሚለው ቃል ለስም ያህል ብቻ ቀርቷል። ሥርዓቱ ቀላል ነበር፦ ከኖቬምበር 1 እስከ 30 ድረስ 50,000 ቃል መጻፍ፣ በየማታው የተጻፈውን ቆጥሮ ማስመዝገብ። ዳኛ አልነበረም፤ የሚሰጥ ገንዘብ አልነበረም፤ ረቂቁን አንብቦ መልካም ነው ወይም አይደለም የሚልም አልነበረም። ቁጥሩን የደረሰ ሁሉ አሸናፊ ይባል ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በቆጠራው ላይ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ካለበት) ልብ ወለድ የተወሰዱት የዕለት ቁጥር ክፉኛ የሚፈተነው እዚያ ስለሆነ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት ቆጣሪዎች

የዕለት ሥራን በቁጥር መመዝገብ የኢንተርኔት ዘመን ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ማለዳ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀርባል፤ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል እንዲወጣው ራሱን ያስገድዳል። አዲስ መጽሐፍ በጀመረ ቁጥር በሳምንታት የተከፈለ መዝገብ ያዘጋጅና የየዕለቱን ገጽ ይሞላበታል፤ ገጽ ማለትም ለእርሱ 250 ቃል ነው። በሳምንት በአማካይ 40 ገጽ ይጽፍ እንደነበር፣ ዝቅ ሲል 20፣ ከፍ ሲል ደግሞ 112 ገጽ ደርሶ እንደሚያውቅ በግለ ታሪኩ ተናግሯል። ቡና ይዞ በሰዓቱ ለሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አሽከር በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር፤ ለስኬቱ ከማንም ይልቅ የዚያ ሰው ባለዕዳ ሳይሆን እንደማይቀርም ጽፏል። ግለ ታሪኩ ከሞተ በኋላ በ1883 ሲታተም ጥበብን የፋብሪካ ሥራ አስመሰላት ተብሎ ተነቅፏል። የደራሲው ዝና የቀዘቀዘው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ተጋኗል የሚሉም አሉ።

አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ደግሞ በ1958 በታተመ ቃለ ምልልስ እንደታየው ከካርቶን የተቆረጠ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አስደግፎ የየቀኑን ቃል ይመዘግብ ነበር፦ 450፣ 575፣ 462፣ 1,250፣ እንደገና 512። ዓላማው ራሱን እንዳያታልል ነበር። ከፍ ያሉት ቁጥሮች በማግሥቱ ያለ ጸጸት ዓሣ ለማጥመድ የሠራባቸው ቀናት ናቸው።

ሁለቱም የቆጠሩት ለብቻቸው ነው። ሰው እያየ መቁጠርን ያመጣው ናኖራይሞ ነው።

ልደትና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ነገሩ የተጀመረው በጁላይ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ክሪስ ቤይቲ የተባለ ወጣት ጸሐፊ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በጠቅላላው 21 ሰዎች በአንድ ወር ልብ ወለድ ለመጻፍ ተማማሉ። ምክንያታቸው ከፍ ያለ ሥነ ጽሑፋዊ ዓላማ አልነበረም። ቤይቲ ከጊዜ በኋላ በሳቅ እንደሚያወራው ሥራ ፈትተው ነበር፤ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ፍቅረኛ በቀላሉ ያገኛል ብለውም ተስፋ አድርገው ነበር። ከ21ዱ የጨረሱት 6 ናቸው።

50,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ቤይቲ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ቀጠን ያለውን ልብ ወለድ አንሥቶ በግምት ቆጠረ ይባላል፤ መጽሐፉም የአልዶስ ሃክስሌይ «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» እንደነበር ይነገራል። ያ መጽሐፍ በትክክል ሲቆጠር ከ60,000 ቃል ይበልጣል። ስለዚህ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ለ25 ዓመታት ያህል ሌሊቱን የደከሙለት ግብ በአንድ የተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ሳይሆን አይቀርም። ግምቱ ግን ደህና ግምት ነበር። ተቀጥሮ የሚውል ሰው በምሽቱ ሊደርስበት ይችላል፤ ያለ ጥረት ደግሞ አይደረስበትም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በ2000፣ ወሩ ወደ ኖቬምበር ተዛወረ። ምክንያቱ የሚያስቅ ቢመስልም እውነት ነው፦ የአየር ጠባዩ መጥፎ ስለሆነ ሰው ቤቱ ይቀመጣል ተብሎ ነው። ተሳታፊዎቹ 140 ሆኑ፤ 29ኙ ጨረሱ። ሕግ ያስፈለገውም በዚያ ዓመት ነው። ሰዎች በኢንተርኔት ተሰብስበው ከዚህ በፊት የጀመርኩትን ብቀጥልስ፣ ከጓደኛዬ ጋር ብጽፍስ እያሉ መከራከር ሲጀምሩ ቤይቲ መልስ ሰጠ፦ ልብ ወለዱ አዲስ መሆን አለበት፣ በአንድ ሰው መጻፍ አለበት፣ ለማረጋገጫም በጊዜው መቅረብ አለበት። አስቀድሞ ሐሳብ መንደፍ፣ የገጸ ባሕርያት ማስታወሻ መያዝ ይፈቀድ ነበር፤ ከኖቬምበር 1 በፊት የተጻፈ ትረካ ግን አይቆጠርም ነበር። አንድን ቃል 50,000 ጊዜ መደጋገም ክልክል መሆኑም በግልጽ መጻፍ ነበረበት፤ የሰው ልጅ የሰው ልጅ ነው።

2001 የጥፋት ውኃ ዓመት ነበር። 150 ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ 5,000 ሰው መጣ። ድረ ገጹ ይህን ሁሉ ሊሸከም አልቻለም፤ የአሸናፊነት ማረጋገጫውም በእያንዳንዱ ሰው ሐቀኝነት ላይ ብቻ እንዲቆም ግድ ሆነ። የጻፈውን የሚያውቀው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ «ደርሻለሁ» ካለ ደርሷል። በ2002 አሠራሩ በኮምፒውተር ተሻሻለ፤ ተሳታፊዎቹም ወደ 14,000 አሻቀቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕድገት ታሪክ ነው። እንቅስቃሴው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ፤ ከተሰበሰበው መዋጮም በካምቦዲያ፣ በላኦስና በቬትናም የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ረድቷል። በየከተማው በጎ ፈቃደኛ አስተባባሪዎች ተነሡ፤ ሰዎች በካፌና በቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ላፕቶፓቸውን ከፍተው ጎን ለጎን ይጽፉ ጀመር። በ2012 ቤይቲ ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ በ2019 ድረ ገጹ እንደ አዲስ ተሠራ።

የቆጠራው ስሌት

50,000 ለ30 ሲካፈል 1,667 ቃል ገደማ ይደርሳል። የዚህ ልማድ ወዳጆች ይህን ቁጥር እንደ ልደት ቀናቸው ያውቁታል። ጸሐፊው ማታ ላይ ጠቅላላ ድምሩን ሲያስገባ ድረ ገጹ የዕለቱን ቃል፣ የእስካሁኑን አማካይ፣ የቀረውን ቃልና የቀረውን ቀን ያሳየው ነበር፤ በዚህ አካሄድ የሚጨርስበትን ቀንም ይነግረው ነበር። ከጎኑ ሥዕላዊ መግለጫ ነበር፦ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ የግብ መሥመርና ከሥሩ ወይም ከበላዩ የሚቆሙ የየቀኑ ዘንጎች። የሥራው ዋና ጉልበት የነበረው በዚህ ሥዕል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዘንጉ ጫፍ ከመሥመሩ በታች ሲቀር ጸሐፊውን የሚሰማው ነገር የቤት ኪራይ ቀን ካለፈበት ሰው ስሜት ብዙም አይርቅም።

ዕዳውም እንደ ኪራይ ይከማቻል። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው በቀሩት 29 ቀናት 1,724 ቃል ይጠበቅበታል፤ ይህ ቀላል ነው። አምስት ቀን ያመለጠው 2,000 ይሆንበታል። አሥር ቀን ከዘለለ ግን 2,500 ነው፤ ብዙዎች መዝገቡን የሚዘጉት እዚህ ጋ ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ፣ ሐበሾችንም ጨምሮ፣ በወሩ አራተኛ ሐሙስ የሚውለው የምስጋና በዓል የታወቀ ጠላት ነው፤ ልምድ ያላቸው አስቀድመው ከመሥመሩ በላይ ወጥተው ይጠብቁታል። ኮታውን እኩል ከመከፋፈል ይልቅ በትኩስ ጉልበት ከፍ ብሎ ጀምሮ በየቀኑ ዝቅ እያሉ መሄድን የሚመርጡም አሉ፤ በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን 3,332 ቃል፣ የመጨረሻው ቀን አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። የዚህ ዳሰሳ አጠናቃሪ ሞክሮታል፤ በሦስተኛው ቀን ትቶታል።

ሁለተኛው ሳምንት ከሁሉ እንደሚከብድ በሰፊው ይነገራል። የመጀመሪያው ሙቀት በርዷል፤ መጨረሻው ገና አይታይም። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት የአጭር ጊዜ እሽቅድድም ነው፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች አሥራ አምስት ደቂቃ ወስነው ይጽፋሉ፤ ደወሉ ሲደወል ማን ስንት ቃል እንደጻፈ ይነጋገራሉ። ትሮሎፕ ቢያየው አዲስ ነገር ባልሆነበት ነበር። «ፎርዘወርድስ» የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ደግሞ ይህን ወደ ጦርነት ለውጦታል፤ በተወሰነ ደቂቃ የተወሰነ ቃል የጻፈ ሰው ከፊቱ የቆመውን አውሬ ይገድላል።

ፋንታሲና የቁጥሩ ወሰን

አስማት፣ ዘንዶና በካርታ ላይ የሌለ አገር ያለበት ልብ ወለድ ለቆጣሪው አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ርዝመቱ ነው፤ የዚህ ዘርፍ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከ90,000 ቃል በላይ ስለሚሄዱ 50,000 ላይ የደረሰ ጸሐፊ አሸናፊ ቢባልም ጀግናው ገና ተራራውን አልተሻገረም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው የፋንታሲ ጸሐፊዎች ሁለት መሥመር ይይዛሉ፤ አንዱ የወሩ ግብ፣ ሌላው የታሪኩ ግማሽ።

ሁለተኛው የማይቆጠር ሥራ መብዛቱ ነው። ካርታ የተሣለበት፣ የነገሥታት የትውልድ ሐረግ የተዘረጋበት፣ አስማቱ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የተወሰነበት ምሽት በመዝገቡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ ያለ እርሱ ግን ሃያኛው ምዕራፍ አይቆምም። ሕጉ ዝግጅትን አስቀድሞ ይፈቅድ ስለነበር ኦክቶበርን በሙሉ ለዓለም ግንባታ የሚያውሉ አሉ። ለእነዚህ ምሽቶች በመዝገቡ ላይ የተለየ ዓምድ መክፈል በብዙዎች ዘንድ ይመከራል። በተቃራኒው የዕለት ኮታውን ለመሙላት የገበያ መግለጫ እስከ ሦስት ገጽ የሚያረዝም፣ የንጉሡን ሙሉ ማዕረግ በተጠራ ቁጥር የሚደግምም አይጠፋም። ይህ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል ወይ? በእኛ ዘንድ አይቆጠርም፤ እርማት የሚጀምረው በዲሴምበር ነው።

ፍሬው ግን አለ። ኤሪን ሞርገንስተርን በኖቬምበር ሌላ ታሪክ ስትጽፍ ነገሩ ስለሰለቻት ገጸ ባሕርያቷን ወደ ሰርከስ ላከቻቸው፤ ከብዙ ድጋሚ ጽሕፈት በኋላ «ዘ ናይት ሰርከስ» ሆኖ በ2011 ታተመ። ማሪሳ ማየር የመጀመሪያ ተከታታይ ሥራዋን ሦስት ረቂቆች በ2008 ኖቬምበር በአንድ ወር ጽፋለች። ከፋንታሲ ውጭ ደግሞ በ2006 የታተመው የሣራ ግሩየን «ዎተር ፎር ኤሌፋንትስ» ከዚሁ ወር የወጣ ነው። በወር የተጻፈ ነገር ምን ይረባል ለሚሉ እነዚህ በቂ መልስ ናቸው።

ውዝግብና መዘጋት

በ2023 ከመድረኩ ቁጥጥርና ከወጣት ተሳታፊዎች ደኅንነት ጋር የተያያዘ ከባድ ቅሬታ ተነሥቶ ድርጅቱ የውይይት መድረኮቹን ዘግቷል። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ድርጅቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በጅምላ ማውገዝ ድሆችንና አካል ጉዳተኞችን የሚጎዳ ገጽታ አለው የሚል አቋም በማውጣቱ ታላቅ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ ከአማካሪ ደራሲዎቹ መካከል ዳንኤል ሆሴ ኦልደር ራሱን አገለለ። ድርጅቱ በኋላ ማብራሪያ ሰጥቷል። ስለ ዓላማው ልዩ ልዩ አስተያየት ይኖራል፤ ለቆጠራው ግን ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ማሽን የጻፈው ቃል ከተቆጠረ 1,667 ምን ማለት ነው? በማርች 31 ቀን 2025 ድርጅቱ የገንዘብ ችግርን ጠቅሶ መዘጋቱን አስታወቀ። ጸሐፊዎቹ አሁንም በኖቬምበር ይጽፋሉ፤ መዝገቡ ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥና ወደ ግድግዳ ወረቀት ተመልሷል።

በአማርኛ ሲቆጠር

50,000 ቃል የተለካው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድ ቃል ይቋጥራል፤ «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ይፈጃል። «እንዳልነገራቸው» ደግሞ ስድስት ይሆናል። በአማርኛ 50,000 የጻፈ ሰው ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ጸሐፊ እጅግ የረዘመ ታሪክ ጽፏል። ኮታውን ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው የሚሉ አሉ፤ አጠናቃሪውም በቀን 1,000 ቃል ፍትሐዊ ይመስለዋል። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየመታ የሚተይብ ሰው ለአብዛኞቹ ፊደላት ሁለት ጊዜ መምታት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። ሌላው ጥንቃቄ የቆየ ነው፦ በክፍት ቦታ ብቻ ቃልን የሚለይ ቆጣሪ፣ ቃላቱን በሁለት ነጥብ አያይዞ የጻፈን ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይወስደዋል።

የቀን መቁጠሪያችን ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ከጳጉሜን በስተቀር ወሮቻችን ሁሉ እኩል 30 ቀን ናቸው፤ የፈለገ በየትኛውም ወር ሊጀምር ይችላል። ከሌላው ዓለም ጋር አብሮ መጻፍ የሚሻ በአብዛኛው ዓመት የሚጀምረው ጥቅምት 22 ቀን ነው፤ ቀኑ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የሚጨርሰውም ኅዳር 21፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት ይሆናል። በዓሉን የሚያከብር ጸሐፊ የመጨረሻውን ኮታ በኅዳር 20 ቢጨርሰው ይሻለዋል።