ሪፖርት ማድረግ ምንድን ነው? አንድ ጽሑፍ ከዓይን የሚሰወረው በማን ውሳኔ ነው?

ፒያሳ ላይ አብረን የኖርን ጎረቤታሞች በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሣ በየአቅጣጫው ብንበተንም፣ ዕድራችን አልፈረሰም፤ ጉዳያችንንም የምንነጋገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። እኔ ከአድሚኖቹ አንዱ ነኝ። አንድ እሑድ ማታ አንድ አባል የዕድሩ ገንዘብ ያዥ የዓመቱን ሒሳብ እንዲያቀርቡ የሚጠይቅ መልእክት ለጠፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ሰዎች መልእክቱ ይጥፋ ብለው አመለከቱ፤ ከእኛ አንዱም የአመልካቾቹን ብዛት ብቻ አይቶ አጠፋው። በመልእክቱ ውስጥ ስድብ አልነበረም። በማግስቱ ጸሐፊው «ማን አጠፋው? ስለምን?» ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ አጣን። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ያን ጊዜ ያልገባኝን ነገር ከተማርኩት በኋላ ነው።

ሪፖርት ማድረግ ማለት አንድ ተጠቃሚ በሌላው ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ላይ ደንብ ተጥሷል ብሎ መድረኩን ለሚያስተዳድረው አካል የሚያቀርበው ጥቆማ ነው። ጥቆማው ግን ፍርድ አይደለም፤ ሁለቱ የሚምታቱት ብዙውን ጊዜ የጥቆማው ውጤት ከፍርዱ ቀድሞ ስለሚታይ ነው። በአገራችን የቆየውን «በሕግ አምላክ!» የሚለውን ጥሪ ያስታውሰናል። ጥሪው የተሰማበት ሰው ጥፋተኛ ነው አልተባለም፤ ነገር ግን ዳኛ እስኪያየው ድረስ ካለበት መንቀሳቀስ አይችልም፤ «እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» የሚባለውም ለዚህ ነው። በብዙ መድረኮች ላይ ጥቆማ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉን በቆመበት ያቆመዋል። ልዩነቱ፣ መንገድ ላይ የቆመው ሰው መቆሙን ያውቃል፤ ዳኛውንም በዓይኑ ያያል።

ጽሑፍ የሚሰወርበት ደረጃ ብዙ ነው። ሙሉ በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት «ለማየት ይጫኑ» ሊባልበት ይችላል፤ እስኪመረመር ለጊዜው ሊደበቅ ይችላል፤ ወይም እዚያው እያለ ማንም በማይደርስበት ቦታ ዝቅ ሊደረግ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ጸሐፊው ጽሑፉን በራሱ ስልክ ላይ እንደተለመደው እያየ፣ ሌላው ሰው ግን እንደማያገኘው አያውቅም፤ ስለማያውቅም ይግባኝ አይልም። «በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያለው ሰው ይህን ስሜት ከማንም በላይ ይረዳው ነበር፤ የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር መጠን ሳይሆን የጠፋበት መንገድ ነውና።

የጥቆማ ጉልበት በምን ይለካል? የቆዩት መድረኮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ ስታክ ኦቨርፍሎው፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ተጠቃሚዎች «ይህ አይፈለጌ ማስታወቂያ ነው» ብለው የጠቆሙበትን ጽሑፍ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይሰርዘዋል። ለማስታወቂያ ይህ መልካም ነው፤ ማስታወቂያን ለመለየት ብዙ ማሰብ አያስፈልግምና። በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቴክኖሎጂ ዜና መወያያ መድረክ ሀከር ኒውስ ደግሞ የመጠቆም መብትን የሚሰጠው በተሳትፎው ነጥብ ላገኘ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ በጥቆማ የተሰወረን ጽሑፍም ሌሎች ነባር ተጠቃሚዎች «ይመለስ» ብለው ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ከሁለቱም የሚቀድመው የቴክኖሎጂ ዜና መድረክ ስላሽዶት ለአስተያየቶች ከ−1 እስከ 5 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ አንባቢው የሚያየው ከመረጠው ነጥብ ጀምሮ ወደ ላይ ያሉትን ነው፤ ነጥብ ሰጪዎቹም ሚዛናዊ መሆን አለመሆናቸውን ሌሎች ተጠቃሚዎች መልሰው የሚመዝኑበት ሥርዓት ዘርግቶ ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የኋለኛውን ሐሳብ ነው፤ ዳኛውንም የሚያይ ዳኛ አለና።

ቁጥር ብቻ ሲገዛ የሚሆነውን በእኛ ግሩፕ አይቼዋለሁ። ሰባቱን አመልካቾች አንድ በአንድ ስጠይቃቸው አራቱ መልእክቱን ጨርሶ አላነበቡትም፤ «እገሌ አመልክቱ ስላለን ነው» አሉኝ። በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ይህ በዘመቻ መልክ ይካሄዳል፤ «ይህን ፔጅ ሪፖርት አድርጉልን» የሚል ጥሪ ይለጠፋል፤ ጥሪውን የተቀበለው ሰው ደግሞ የሚጠቁመውን ነገር ሳያየው ቁልፉን ይጫናል። ስለዚህ ሰባት ጥቆማ ሰባት ምስክር ነው ማለት አይቻልም፤ አንድ ሰው ሰባት ጊዜ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። የተደራጀ ቡድን የብቸኛውን ሰው ድምፅ የሚሰውረው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ጥቆማን ቆጥሮ ብቻ የሚወስን አስተዳዳሪም፣ ሳያስበው፣ የቡድኑ መሣሪያ ይሆናል።

ለማሽን መተውም የራሱ ችግር አለው፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ኃይል» በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ከተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አንዱን አጻጻፍ ያስገባ ማጣሪያ ሌላውን ያሳልፈዋል። «ሌባ» የሚለውን ስድብ ለማጥመድ የተዘጋጀ ማጣሪያ ደግሞ «ሌባው»ን፣ «የሌቦች»ን፣ «እንደሌባ»ን ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ካወቀም በኋላ፣ ትናንት ማታ ስልኳን የተነጠቀች ሴት ሰፈሩን ለማስጠንቀቅ የጻፈችውን መልእክት ከስድቡ ለይቶ መተው አለበት። ይህን የሚለየው አገባቡን የሚያነብ ሰው ነው።

ሰውም ቢሆን ግን ይለያያል። በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በራያ ቆቦ ተፈጽሟል ስለተባለ ግፍ፣ ሲቪሎችንም በብሔራቸው ተባባሪ አድርጎ የሚከስ የአማርኛ ጽሑፍ በፌስቡክ ላይ ወጣ። የኩባንያው አማርኛ የሚለይ ማሽን ጽሑፉን ለየው፤ አማርኛ የሚያነብ መርማሪ አነሣው፤ ጸሐፊው ይግባኝ ሲል ሁለተኛው መርማሪ ውሳኔውን አጸናው። ጉዳዩ የኩባንያውን ውሳኔዎች ዳግም ወደሚመረምረው የቁጥጥር ቦርድ ሲደርስ ግን የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ማንሣቱ ስሕተት ነበር ብሎ ጽሑፉን መለሰው፤ ቦርዱ ደግሞ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መካከል ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል በማለት፣ እንዲነሣ ወሰነ። አንድ ጽሑፍ ታየ፣ ተሰወረ፣ ታየ፣ ተሰወረ። ይህን ማየት የቻልነው ውሳኔው ከነምክንያቱ በይፋ ስለወጣ ብቻ ነው፤ በየቀኑ የሚሰወሩት አብዛኞቹ ጽሑፎች ይህን ዕድል አያገኙም።

የአገራችን ሕግም ጥቆማን ያውቀዋል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ጥቆማ ከደረሰው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት ከሥርጭት እንዲያወጣ ይጠይቃል። ዓላማው ተገቢ ነው፤ የጥላቻ ቃል በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርስ አይተናል። ሆኖም ሰዓት የሚቆጠርበት አስተዳዳሪ፣ ባጠራጠረው ጊዜ ከመተው ይልቅ ማጥፋትን እንደሚመርጥ በራሴ ላይ ስላየሁት፣ የጊዜ ገደብ ያለ ይግባኝ ብቻውን ሲቆም ያሠጋኛል።

በግሩፓችን የገንዘብ ያዡን ጉዳይ የሚያነሣውን መልእክት ጸሐፊውን ይቅርታ ጠይቀን መልሰን ለጠፍነው። አሁን አንድ መልእክት የሚጠፋው ሁለት አድሚኖች ካነበቡት በኋላ ነው፤ ምን እንደጠፋና ስለምን እንደጠፋ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ጸሐፊውም መልስ የመስጠት መብት አለው። ጠቋሚው በስሙ ይታወቅ ወይስ አይታወቅ በሚለው ላይ ግን ረጅም ጊዜ ተከራከርን። ስሙ ቢገለጽ የሐሰት ጥቆማ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በግል መልእክት የተዋከበች አንዲት አባላችን ስሟ ይወጣል ብላ ብትፈራ ኖሮ አትነግረንም ነበር። ስለ እርሷ ስንል የጠቋሚውን ስም አድሚኖች ብቻ እንዲያውቁት ተስማምተናል።