የላርኪን ቤተሰብ ገነት፦ ስለ «ዘ ዳርሊንግ በድስ ኦፍ ሜይ» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አፕሪል 7 ቀን 1991 እሑድ ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አይቲቪ የተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ዳርሊንግ በድስ ኦፍ ሜይ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ታሪኩ የሚጀምረው በፎርም ነው። ሴድሪክ ቻርልተን የተባለ ዓይን አፋር የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኬንት ውስጥ ወዳለ አንድ የገጠር ግቢ ይመጣል። የግቢው አባወራ ፖፕ ላርኪን በዕድሜው ግብር ከፍሎ አያውቅም። ቻርልተን ፎርሙን ሊያስሞላ ቢጥርም መጀመሪያ የቤቱን ትልቅ ልጅ ማሪየትን ያያል፤ ከዚያ ምግብ ይቀርባል፣ ከዚያ መጠጥ ይቀዳል፣ ከዚያ መሽቷልና እደር ይባላል። ፎርሙ ሳይሞላ፣ ሰውየውም ሳይመለስ ይቀራል።

ድራማው እስከ 1993 በ20 ክፍሎች ቀርቧል፤ ገና ከመጀመሪያው ከአሥራ አምስት ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረው። ዛሬ ስለ እሱ የሚነገረው ብዙው ነገር ግን ድራማው ራሱ ያለው ሳይሆን ሰዎች ከዓመታት በኋላ በትዝታ ያለበሱት ነው።

«የ1950ዎቹ የእንግሊዝ ገጠር ልክ እንዲህ ነበር»

አልነበረም። ይህ አመለካከት በብዛት የሚሰማ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በላርኪኖች ጠረጴዛ ላይ ዝይ ይጠበሳል፣ ሥጋው ይከመራል፣ ክሬሙ ይፈስሳል፣ እንጆሪው በሳፋ ይቀርባል። ይህን የሚያይ ሰው የዚያን ዘመን ገጠር የጥጋብ ሀገር አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። ነገር ግን ብሪታንያ በጦርነቱ ምክንያት በ1940 የጀመረችውን የምግብ ራሽን ሙሉ በሙሉ ያነሣችው በጁላይ 1954 ነው፤ መጨረሻ ላይ ነፃ የወጣው ደግሞ ሥጋ ነበር። ዳቦ እንኳ በጦርነቱ ጊዜ ያለ ገደብ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ሰላም ከወረደ በኋላ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆኗል። ድራማው የተመሠረተበት የኤች ኢ ቤትስ ልብ ወለድ የታተመው በ1958 ነው፤ ራሽኑ በተነሣ በአራት ዓመቱ ማለት ነው። የልጆቹ እናት የ«ማ» ላርኪን ማዕድ ዕለታዊ ኑሮ ሳይሆን ለአሥራ አራት ዓመት በኩፖን ሲመዘንለት የኖረ ሕዝብ ሕልም ነው። አንባቢው ያንን ገጽ ሲያነብ ምራቁን እንደሚውጥ ደራሲው አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የገጠሩ ሠራተኛ ኑሮም ሌላ ነበር። የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ ከፋብሪካው ያንሳል። ብዙዎች የሚኖሩት የአሠሪው ንብረት በሆነ ጎጆ ስለነበር ሥራውን ያጣ ሰው ቤቱንም ያጣል። በየመስከረሙ ለቢራ መጥመቂያ የሚሆነውን ሆፕስ ለመልቀም ከምሥራቅ ለንደን ወደ ኬንት የሚጎርፉት ቤተሰቦች ለእረፍት የመጡ ቢመስሉም፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በተራ ጎጆ እያደሩ የሚለቅሙት ለክረምቱ ጫማና ኮት መግዣ ነበር። ያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ እውነት ነው። የጀርባ ሕመሙም እውነት ነው፤ ድራማው ያሳየው ግን ሳቁን ብቻ ነው።

«ናፍቆቱ የደራሲው ነው»

ይህን ስሕተት ጋዜጠኞችም ይደግሙታል። ቤትስ በ1958 ሲጽፍ ወደ ኋላ አልተመለከተም፤ ስለዚያው ስለሚኖርበት ጊዜ ነበር የጻፈው። እንዲያውም የመጽሐፉ ላርኪኖች አዲስ ነገር የማይጠግቡ ሰዎች ናቸው። ልብ ወለዱ የሚከፈተው ፖፕ ለቤተሰቡ ስምንት ባለ ብዙ ቀለም አይስክሬም አድሎ፣ ራሱ ሰማያዊ ቀለም በቀባት የጭነት መኪና ላይ እየሳቀ ሲወጣ ነው። ቤት ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ እራት የሚበላው በእሱ ብርሃን፣ ኬቻፕ በብዛት እየፈሰሰ ነው። የታሸገ ድንች ጥብስ፣ ኮክቴል፣ ሮልስ ሮይስ መኪና አለ። በዘመኑ የነበረ አንድ ጨዋ እንግሊዛዊ ይህን ቤተሰብ ቢያይ «ድሮ ቀረ!» የሚለው ከነሱ የተነሣ ነበር።

ናፍቆቱ የ1991 ነው። አዘጋጆቹ ያንን ሁሉ በወርቃማ የፀሐይ ብርሃን፣ በአበባና በአሮጌ መኪኖች አስውበው፣ በ1958 አዲስና ጮክ ያለ የነበረውን ነገር ጣፋጭ ትዝታ አደረጉት። ጊዜውም ተመቻቸላቸው። ሀገሪቱ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ሀብታሙም ድኻውም በነፍስ ወከፍ እኩል እንዲከፍል ያዘዘው የማዘጋጃ ቤት ግብር በ1990 ለንደንን አመሰቃቅሎ፣ ለማርጋሬት ታቸር ከሥልጣን መውረድም አንዱ ምክንያት ሆኖ ነበር። መንግሥት ግብሩን እንደሚሽር ያስታወቀው በማርች 1991 ነው። ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ እሑድ ማታ፣ የግብር ፎርም ሲቀርብለት ፈገግ ብሎ ቢራ የሚቀዳ ሰው በየቤቱ ቴሌቪዥን ብቅ አለ። ድራማው የተወደደው በዚህ ብቻ ነው አልልም። ግን እንዲህ ያለ መግቢያ ቢከፍሉበትም አይገኝም።

«ላርኪኖች ገበሬዎች ናቸው»

አሳማና ዝይ ስላረቡ፣ እንጆሪም ስለለቀሙ ገበሬ አይሆኑም። ፖፕ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው፤ በእኛ አጠራር ቁራሌው፣ ከነጭነት መኪናው። ግቢው በዛገ ብረት የተሞላ ነው። ቤትስ በኬንት ሲያልፍ ያየው የነበረ እንዲህ ያለ ግቢ እንደነበረ፣ አንድ ቀን ደግሞ በአንድ መንደር ሱቅ በር ላይ አንድ ደስተኛ አባት በላስቲክ የታሰረ ብር ይዞ ለብዙ ልጆቹ አይስክሬምና ድንች ጥብስ ሲገዛ አይቶ ታሪኩ እንደመጣለት በግለ ታሪኩ ተርኳል።

ሥራው ለታሪኩ ቁልፍ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ነገሮች በርካሽ ይሸጡ ነበር፦ የጦር ሠራዊቱ ትርፍ ዕቃና የመኳንንቱ ቤት። ከባድ የውርስ ግብርና የጥገና ወጪ ያደቀቃቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ታላላቅ የገጠር ቤቶች በእነዚያ ዓመታት ፈርሰዋል፤ እርሳሱ፣ እንጨቱ፣ ድንጋዩ በየፊናው ተሽጧል። ቤትስ ስለ ላርኪኖች ከጻፋቸው አምስት መጻሕፍት በሦስተኛው፣ በድራማውም የመጀመሪያ ዙር ውስጥ፣ ፖፕ እንዲህ ያለ የባላባት ቤት ይገዛና ገጠር መኖር ላማራቸው የለንደን ባለጸጋ ባልና ሚስት ይሸጥላቸዋል። ጡረታው የማይበቃው አሮጌው ብርጋዴር ደግሞ ደህና ምግብ ሲያምረው ጎራ የሚለው ወደዚሁ ብረት ሻጭ ቤት ነው። እውነተኛው የዘመን ለውጥ እዚህ ጋ ተቀምጧል፤ ተመልካቹ ግን አበባውን እያየ ያልፈዋል።

«ጨዋ፣ የቀድሞ ሥነ ምግባር የሚያስተምር የቤተሰብ ድራማ ነው»

ፖፕና ማ አልተጋቡም። ስድስት ልጅ ወልደው ሰባተኛውን ሲጨምሩም አልተጋቡም፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ፈረንሳይ ሆቴል ሲያርፉ ጉዳዩ ይታወቅባቸዋል፣ እነሱን ግን ቅንጣት አያሳፍራቸውም። ማሪየት መጽሐፉ ሲጀምር እርጉዝ የሆነች ይመስላታል፤ አባትየውም ማን እንደሆነ ቁርጡ አይታወቅም። ወላጆቿ አይጮኹም፣ አያለቅሱም። ቻርልተን ብቅ ሲል በዓይናቸው የመዘኑት ለዚህ ጭምር ነው። በ1958 ይህን በሳቅ መልክ ማቅረብ ድፍረት ነበር። በ1991 ይህ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ስለቀረበ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አዩትና፣ በትዝታ ሲያወሩት «ያኔ ቤተሰብ ቤተሰብ ነበር» ማለት ጀመሩ። የትኛውን ቤተሰብ እንደሆነ ቢጠየቁ መልሱ ይከብዳቸዋል።

«ፖፕ ላርኪን ገጠር የገባ ዴል ቦይ ነው»

ይህ አባባል ተዋናዩ ዴቪድ ጄሰን ሁለቱንም ስለተጫወታቸው የመጣ ነው። ዴል ቦይ በሌላ የብሪታንያ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ውስጥ በለንደን ፔክም ሰፈር የሚነግድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሚሊየነር እሆናለሁ እያለ የሚኖር ሰው ነው፤ አስቂኝነቱ ከጉድለቱ ይመነጫል። ፖፕ ምንም አይጎድለውም። ሲያተርፍ ለመብላት፣ ሲበላም ለማብላት ነው። ጄሰን ያንን የታወቀ ገጸ ባሕርይ ወዲያ ትቶ እንዲህ የረካ ሰው ሆኖ መታየቱ፣ በእኔ ግምት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ሲበዛ የተናቀው ነው። ፓም ፌሪስም የማ ላርኪንን ሚና ስትጫወት ከእሱ አታንስም፤ ሳትነሣ ሳትቀመጥ ቤቱን የምትገዛው እሷ ናት።

ግብር አለመክፈሉን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። ከ1944 ጀምሮ የደመወዝተኛው ግብር ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ ነበር የሚቀረው፤ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት መደበኛው የገቢ ግብር 42.5 በመቶ ነበር። ማምለጥ የሚችለው እንደ ፖፕ በጥሬ ገንዘብ የሚነግድ ሰው ብቻ ነው። አንባቢው ፖፕን የወደደው ስለቀናበትም ነው።

«ቤትስ የኬንት ተወላጅና የቀላል ጨዋታ ጸሐፊ ነው»

በ1905 የተወለደው ኬንት ሳይሆን በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ኖርዛምፕተንሸር ውስጥ፣ ሩሽደን በተባለች ጫማ በሚሠራባት ከተማ ነው። ወደ ኬንት፣ ሊትል ቻርት መንደር የመጣው በ1931 ሲሆን አንድ አሮጌ የእህል ጎተራ ወደ መኖሪያ ቤት ለውጦ እዚያው ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል አጫጭር ታሪኮች እንዲጽፍለት ቀጥሮት «ፍላይንግ ኦፊሰር ኤክስ» በሚል ስም ያሳትም ነበር፤ በ1944 የወጣው ልብ ወለዱም በጠላት በተያዘች ፈረንሳይ አውሮፕላኑ ስለወደቀበት አብራሪ የሚተርክ፣ የሚያሳቅቅ ሥራ ነው። የላርኪኖቹ ታሪክ ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ የመጣ ነው። የድራማውን ስኬት አላየም፤ በ1974 አርፏል። ከድራማው ዋና አዘጋጆች አንዱ ግን ልጁ ሪቻርድ ነበር፤ ቀረጻውም የተካሄደው ለአባቱ ቤት ጎረቤት በሆነችው በፕላክሊ መንደርና አካባቢዋ ነው።

ርዕሱም ቢሆን የቤትስ አይደለም። በ1609 ከታተመው የሼክስፒር 18ኛ ሶኔት የተወሰደ ነው፤ ስንኙ የግንቦትን ለጋ እምቡጦች የሚያነሣው ኃይለኛ ነፋስ ሲያናውጣቸው ነው። ነፋሱ ከርዕሱ ቀርቷል።

«ካትሪን ዜታ ጆንስ ከየትም ሳትታወቅ የመጣች እንግሊዛዊት ናት»

ዌልሳዊት ናት፣ ከስዋንዚ። ማሪየትን ከመጫወቷ በፊት በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በለንደን ታላቅ የሙዚቃ ድራማ መድረክ ላይ በመሪ ተዋናይነት ሠርታለች። ሀገር ሁሉ ያወቃት ግን በዚህ ድራማ መሆኑ አያከራክርም።

«ከ1991ዱ በፊት በስክሪን አልታየም»

በ2021 አይቲቪ «ዘ ላርኪንስ» ብሎ እንደገና ሲሠራው፣ ብራድሊ ዋልሽ ፖፕን ሆኖ፣ ቻርልተንን ደግሞ ጥቁር ተዋናይ ተጫውቶት፣ ብዙዎች «ዋናውን አበላሹት» ሲሉ ሰማን። «ዋናው» ራሱ ግን ሁለተኛ ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1959፣ ሆሊዉድ ዴቢ ሬይኖልድስንና ቶኒ ራንዳልን ይዞ «ዘ ሜቲንግ ጌም» በሚል ርዕስ ፊልም ሠርቶታል። ኬንት ቀርታ ሜሪላንድ ገባች፤ ላርኪኖች አሜሪካውያን ሆኑ። የግብሩ ጣጣ ደግሞ ቤትስ ባላሰበው መንገድ ተፈታ፦ የቤተሰቡ ቅድመ አያት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለመንግሥት ጦር ፈረሶች ሰጥተው ያልተከፈላቸው ደረሰኝ ይገኝና፣ ወለዱ ሲታሰብ መንግሥት ራሱ የላርኪኖች ባለዕዳ ሆኖ አረፈው። ለኬንቱ ፖፕ ቤትስ እንዲህ ያለ ደረሰኝ አልጻፈለትም።