«ወንድሜ ረሳኝ»፦ ስለ ጭንቅላት ጉዳትና ስለ ትዝታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ይሰጡኛል፤ ሥራዬ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች መከታተል ስለሆነ ቀድሜ የማነበው ገጸ ባሕርዩ ከአደጋ በኋላ የሚነቃበትን ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ ከደራሲ ደራሲ አይለይም፤ ወንድም ዐይኑን ይገልጣል፣ ስሙ ይጠፋበታል፣ እህቱን «ማን ነሽ?» ይላታል፣ በመጨረሻም ጭንቅላቱን ዳግመኛ ተመትቶ ሁሉን ያስታውሳል። ነገሩ በልብ ወለድ ቢቀር ዝም ባልሁ፤ የታካሚ ቤተሰቦችም ይህንኑ አምነው ይመጣሉ።

ሁለተኛ ምት ትዝታን አይመልስም፤ ያላገገመን አንጎል ይብሱን ይጎዳል እንጂ።

«ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለትም አንጎሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የነርቭ ክሮች ጉዳት ብዙ ጊዜ በዚያ ምስል አይታይም።

የተጎዳ ሰው ስሙንና ልጅነቱን ይረሳል የሚለው ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። በብዛት የሚጠፋው ለአደጋው የቀረበው ጊዜ ነው፤ የቆየው ትዝታ ይበልጥ እንደሚጸና ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቴዎዱል ሪቦ በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞላይሰን በ1953 እ.ኤ.አ. ለሚጥል በሽታ ተብሎ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎሉ ክፍል በሁለቱም ወገን ጉልህ ክፍሉ ሲወጣለት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ አዲስ ገጠመኝ መያዝ ተሳነው፤ ስሙን፣ ወላጆቹንና ልጅነቱን ግን ያውቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «እህቴ አይደለችም» ያለ ሁሉ እህቱን ረስቷል የሚለው ነው። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ ከአንጎል ጉዳት በተጨማሪ በመርሳት በሽታና በከባድ የአእምሮ ሕመምም የሚታይ ካፕግራ የሚባል፣ የቅርብ ሰው በአምሳያው ተተክቷል ብሎ የማመን ሁኔታ አለ። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ከዦዜፍ ካፕግራ ነው፤ እርሱና ባልደረባው በ1923 እ.ኤ.አ. ባሏና ልጆቿ በአምሳያዎች እንደተተኩ የምታምን ሴት ታሪክ አሳትመው ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ አንጎል መልክን የሚለይበት መንገድና የወዳጅን ፊት ስናይ የሚመጣውን ስሜት የሚያነሣሣበት መንገድ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ሲቋረጥ መልኩ ያው፣ ስሜቱ ግን ባዶ ይሆናል፤ የማመዛዘን ችሎታውም አብሮ ከተጎዳ ሰውየው «የምትመስላት ናት እንጂ እርሷ አይደለችም» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ የመልኳን ዝርዝር ሳይረሳ ነው የሚክዳት።

ከአዘዞ የመጣ የባጃጅ ሹፌር አውቃለሁ። ያሳደገችውን፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ታላቅ እህቱን ከልጅነቱ ጀምሮ «እታለም» ሲል ኖሮ፣ ከአደጋው በኋላ እንደ እንግዳ ሴት «እርስዎ» ይላት ጀመር። ዘመዱ ከፊሉ ለክፎት ነው አለ፣ ከፊሉ ውለታዋን ክዶ ነው አለ። እርሷ ፎቶግራፍ አምጥታ የእናታቸውን የክርስትና ስም ሳይቀር ብትጠይቀው አንዱንም አልሳተም፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን ሁሉ የቤታችንን ምስጢር ማን ነገራቸው?» አለኝ። ወደ መተላለፊያው ወጥታ እንድትደውልለት አደረግሁ። ስልኩን እንዳነሣ ፊቱ በራ፤ «እታለም፣ የት ጠፋሽ? እዚህ አንቺን የሚመስሉ ሴትዮ መጥተው ይጨቀጭቁኛል» አላት። ድምፅና መልክ በየራሳቸው መንገድ ስለሚሄዱ ይህ በሌሎች ሕሙማንም ታይቷል።

እንግዲህ ቤተሰብ ይህን ልብ ይበል። ሕመምተኛውን አትፈትኑት፤ ማስረጃ በተደረደረ ቁጥር ጥርጣሬው ይሰፋል። እንዳትዋሹ «ልክ ነህ» አትበሉት፣ እንዳትጣሉም አትከራከሩት፤ «ይህ ነገር እንደሚያስጨንቅህ ይገባኛል» ማለት ይበቃል። ከመግባታችሁ በፊት ከበር ውጭ ሆናችሁ አነጋግሩት፣ ድምፃችሁ ከፊታችሁ ይቅደም። በ«አስመሳዩ» ላይ ቁጣው ከበረታ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ስለታም ዕቃ አርቁ፣ ለሐኪሙም ሳትደብቁ ተናገሩ፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ እጁን ሊያነሣ ይችላልና። ወደ ጠበል መውሰድን የሚከለክል የለም፤ የምንለምነው መድኃኒቱም አብሮ እንዲሄድ ነው፣ በተለይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ በድንገት ማቋረጡ ተከታታይ መናድ አምጥቶ ሊገድለው ይችላል።