ሁለተኛ ሞራ ምንድን ነው?

ሞራ ተገፍፎለት ለወራት ጥርት አድርጎ ሲያይ የቆየ ሰው ዓይኑ ሲደበዝዝበት «ሞራው ተመልሶ በቀለ» ይላል። አልበቀለም። ሞራ የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ራሱ ነው፤ እሱ ወጥቷል። አሁን የደፈረሰው ሌንሱ ይቀመጥበት የነበረው ከረጢት ነው፤ ሁለተኛ ሞራ የሚባለውም ይህ ነው።

ሐኪሙ ከረጢቱን አያወጣውም። ፊቱን በክብ ይከፍትና ውስጡን አጽድቶ ሰው ሠራሹን ሌንስ እዚያው ያስቀምጣል። ችግሩ የቱንም ያህል ቢጸዳ በከረጢቱ የፊት ግድግዳና ዳርቻ ላይ ያሉት ሕዋሳት ተሟጠው አለመውጣታቸው ነው። ዓይኑ በሚሽርበት ጊዜ ይባዙና ስሱን የኋላ ግድግዳ ይወርሱታል፤ ከፊሎቹ አብጠው እንክብል ይሠራሉ፣ ከፊሎቹ እንደ ጠባሳ ያጨማድዱታል። ያኔ ማንበብ ይከብዳል፤ ማታ የመኪና መብራት ይበተናል። በልጆች ላይ ይህ በጣም ይፈጥናል።

የሌንሱ ጠርዝ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ሌንሶች ጠርዛቸው ድቡልቡል ስለነበር ሕዋሳቱ በሥሩ እየሾለኩ መሃል ይደርሱ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የከረጢቱ ግድግዳዎች ሌንሱን ጨብጠው ይጣበቃሉ፤ ጠርዙ ስል ማዕዘን ካለው የኋላው ግድግዳ እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ እጥፋቱም አጥር ይሆናል። አጥሩ የሚላላው ሌንሱን በከረጢቱ ውስጥ ደግፈው የሚይዙት ቀጫጭን እጆቹ ከሌንሱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው።

የሐኪሙ እጅም አለበት። የመሃል ክፍሉ ስፋት 6 ሚሊሜትር ለሆነ ሌንስ የፊቱ ቀዳዳ ከ5 እስከ 5.5 ሚሊሜትር ቢሆን የከረጢቱ ከንፈር የሌንሱን ዳር ዙሪያውን ይደርባል። ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል አጥሩ ክፍት ነው።

ስል ጠርዝ የውድ ተጣጣፊ ሌንስ ብቻ መለያ አይደለም፤ ደረቁና ርካሹ የፕላስቲክ ሌንስም እንዲህ ተደርጎ ይሠራል። በእኛ አገር ለገጠር ዘመቻ ሌንስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ ጠርዙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው፤ ታካሚው በኋላ የደፈረሰውን ከረጢት የሚከፍት ሌዘር ፍለጋ ሩቅ መንገድ ሊጓዝ ይችላልና። እርግጥ ስል ጠርዝ የራሱ ጣጣ አለው፦ አንዳንዱ ሰው በጆሮው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ ጥቁር ጥላ ያያል፤ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቃል።

ሕክምናው ያግ የሚባል ሌዘር ነው። ምላጭ የለም፤ የዓይን ብሌን በጠብታ ይከፈትና በደቂቃዎች ውስጥ የኋላው ግድግዳ መሃል ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ጨረሩ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ኋላ ካልታለመ ሌንሱን ሊጭረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ማውረጃ ጠብታ ይሰጣል። ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች ለጥቂት ጊዜ ይታያሉ፤ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከመጣ ግን ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ተላቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ሌዘሩ ከመተኮሱ በፊት ብዥታው ከሬቲና እብጠት ወይም የዓይንን ነርቭ ከሚጎዳው ከግላኮማ እንዳልመጣ፣ የገባው ሌንስም ልኩ ትክክል መሆኑ መታየት አለበት። ግድግዳው አንዴ ከተከፈተ ሌንሱን መቀየር አስቸጋሪ ነው።