«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም»፦ አባባሉ የሚለው ምንድን ነው?

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው ወቀሳ ነው። ሰውየው ጨካኝ ነው፣ ልቡ ደንድኗል፣ ለሌላው አያዝንም። እኔም ለረጅም ጊዜ የምረዳው እንደዚያ ነበር። እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ ድገሙት። «አያዝንም» አይልም። «አይሰጥም»ም አይልም። «ያለ አይመስለውም» ነው የሚለው። የተራበ ሰው መኖሩ ራሱ ትዝ አይለውም ማለት ነው። ከልብ በፊት የሚከሰው ዓይንን ነው።

የአባባሉ መነሻ ሆድ ነው፤ ማንም በራሱ ላይ የሚያውቀው ነገር። ራብ ሲይዘን ሌላ ነገር ማሰብ ያቅተናል። ከበላን በኋላ ግን ያንን ስሜት መልሰን እንጥራው ብንል እሺ አይለንም። ቋንቋችን ደግሞ እዚህ ላይ አላቆመም። «ጠገበ» የምንለው በልቶ ለሞላለት ብቻ አይደለም። ሰው ለሚንቅ፣ ማን አለብኝ ላለ ሰውም «ጠግቧል» እንላለን። «ጥጋበኛ» የሚለው ስድብ ከዚሁ ነው የወጣው። በአባባሉ ውስጥ ሁለቱም አሉ፦ ሆዱ የሞላና ሌላውን ማየት የተወ። «የተራበ»ም እንዲሁ ይሰፋል። ፍትሕ ያጣ፣ ቦታ ያጣ፣ ሰሚ ያጣ ሁሉ ይገባበታል።

ለዓመታት የተመላለስኩበት አንድ ሕንፃ አለ። በሩ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ያየኋቸው ግን በዊልቸር ከሚሄድ ጓደኛዬ ጋር የሄድኩ ቀን ነው። እሱ ገና ከሩቅ አይቷቸዋል። እኔ በሩን ከፍቼ ገብቼ ዞር ስል ነው ከኋላዬ እንደሌለ ያወቅሁት። ክፉ አልነበርኩም። እግሬ ስለሚሠራ፣ ያ ደረጃ ለእኔ የለም።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በቁጥር ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስና በዙሪያዋ የሚኖሩ ሰዎችን በገቢ ከሌላው አንፃር የት እንዳሉ ጠየቀ። ብዙ ድሆች ራሳቸውን ካሉበት ከፍ አደረጉ። ብዙ ሀብታሞች ደግሞ ዝቅ አደረጉ። ለመዋሸት ብለው አይደለም። ሰው ራሱን የሚለካው በሚያውቃቸው ሰዎች ነው፤ ያለው ካለው ጋር ይውላል፣ የሌለውም ከሌለው ጋር። እኔን የነካኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ካሰቡት በታች መሆናቸው የተነገራቸው ሰዎች ለድሆች የሚደረገው ድጋፍ እንዲጨምር ወደ መፈለግ አዘነበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች አሜሪካውያን በጥቁርና በነጭ ቤተሰቦች መካከል ያለውን የገቢና የሀብት ልዩነት እንዲገምቱ አደረጉ። ግምቱ ልዩነቱን ከእውነቱ በጣም ያጠበበ ሆኖ ተገኘ። በተለይ የሳቱት ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ነጮች ነበሩ። አባባላችንን ቃል በቃል ያነበቡት ይመስላል።

አባባሉ ያልተናገረው ሌላ ግማሽም አለ። የተራበው የጠገበውን አሳምሮ ያውቀዋል። አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ በነጮች ቤት ተቀጥረው ያገለገሉ ጥቁር ሴቶችን ያነሳሉ። እነዚህ ሴቶች ጓዳውን ያውቃሉ፣ ልጆቹን ያሳድጋሉ፣ የአሠሪዎቻቸውን ጠብና ምስጢር ይሰማሉ። ቤተሰብ ግን አይሆኑም። ኮሊንስ «ውስጥ ያሉ የውጭ ሰዎች» ይሏቸዋል። ሲመሽ እነሱ የሚገቡበትን ቤት ከአሠሪዎቹ ስንቱ ያውቀው ይሆን?

ስለ ተገለሉ ሰዎች የሚያጠና ሰው መጠይቁን ቢሮ ቁጭ ብሎ ጽፎ ሲወጣ የምፈራው ለዚህ ነው። የጠገበ ሰው የሚጽፈው የጠገበ ጥያቄ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ማውጣት በጀመረው ትልቅ ጥናት ከ60 ሺህ በላይ ድሆች ስለ ድህነት በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። ከገንዘብ ማጣት ጋር ደጋግመው ያነሱት መናቅን፣ ሀፍረትንና ሰሚ ማጣትን ነበር። ወርሃዊ ገቢህ ስንት ነው ተብለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ከየት ይመጣ ነበር?

ከሁሉ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ዩናን ግዛት የተሞከረውን ነው። ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ባሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጧቸው። ኑሯችሁን ራሳችሁ አንሱት፣ ስለ ፎቶውም ራሳችሁ ንገሩን አሏቸው። ከፎቶዎቹ በአንዱ አንዲት እናት በቆሎዋን እያረመች ነው። ሕፃኗ ብቻውን ተኝቷል። ሴቶቹ ፎቶዎቻቸውን ውሳኔ ሰጪዎች ፊት አቀረቡ። የሕፃናት ማቆያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።