«ተነሥተህ ብላ»

በክርስቶስ የተወደዳችሁ፣ ኦፕራሲዮን ሆናችሁ አልጋ ላይ ላላችሁት ነው ይህን የምጽፈው።

ካንሰሩ ከትልቁ አንጀቴ ተቆርጦ ወጥቶ ስነቃ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ጠፋሁ። እምነቴ የት ሄደ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ኤልያስ ትዝ አለኝ። በቀርሜሎስ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነቢይ ብዙም ሳይቆይ በረሃ ውስጥ ከዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል» አለ። ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም። ተኛ፤ መልአክ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ተመልሶ መተኛቱን ልብ በሉልኝ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከምግቡ፣ ከእንቅልፉና ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ኮሬብ ላይ ነው።

ለእኔ እንጎቻው ገና አልተፈቀደም ነበር። የተሰፋ አንጀት ለጊዜው ሥራ ያቆማል። ዶክተሩ በየጠዋቱ ሆዴን እያዳመጠ «ጋዝ ወጣልሽ?» ይለኛል። መጀመሪያ አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ሲወጣልኝ ግን ከልቤ ተመስገን አልኩ። ነርሷ ትራስ ሆዴ ላይ አስይዛ ሳዪ ትለኛለች፣ ደግፋ ታስነሳኛለች። ካልተንቀሳቀስሽ እግርሽ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባሽም ይታመማል አለችኝ። እስከ በሩ የተራመድኳትን እንደ ስግደት ቆጠርኳት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሊጠይቁኝ ከመጡት መካከል «ጠበል ብትገቢ ኖሮ እዚህ ባልደረስሽ» ያሉኝ አሉ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ የታመመን ሰው በጠበልና በሐኪም መካከል አታስመርጡት። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲጸልይ ጸሎቱ ተሰምቶ፣ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ተነግሮት እያለ ነው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ ያዘዘው። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። እኔ ጠበሉንም እወዳለሁ፣ ሐኪሙንም።

አንዲት እናት ደግሞ መጥተው ምንም አልጠየቁኝም። ከአልጋዬ ግርጌ ቆመው ውዳሴ ማርያም ደገሙልኝና ሄዱ። በቅፍርናሆም ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያመጡት ጌታ «እምነታቸውን» አየ ይላል ወንጌሉ። የተሸካሚዎቹንም እምነት ቆጥሮለታል። ያን ሳምንት እኔም በእኚያ እናት ጸሎት ታዝዬ ነበር የምኖረው።

መልአኩ ሁለተኛ ሲመጣ ኤልያስን «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» አለው። የእኔም ሩቅ ነው። ተቆርጦ የወጣው አንጀቴ የተመረመረበት የፓቶሎጂ ውጤት መጣ፤ ካንሰሩ በአንጀቱ አጠገብ ካሉት ንፍፊቶች ሁለቱ ላይ ደርሷል። ወራት የሚፈጅ ኬሞ ይጠብቀኛል። ያን ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እህቴ ከአልጋዬ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ስምንት ሌሊት አድራለች። ምንም አላለችኝም። ከፔርሙዙ አጥሚት ቀዳች።

«ተነሺ እስቲ፣ ትንሽ ቅመሺ።»

ተነስቼ ቀመስኩ።