ሪቨርሳይድ፦ የፈረሰው ትራክና ዛሬም የሚሽቀዳደሙት የድሮ መኪኖች

ሪቨርሳይድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በደረቅ ሜዳ ላይ የነበረ የመኪና እሽቅድምድም ትራክ ነው። በ1957 ተከፍቶ በ1989 ተዘጋ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በቦታው ላይ በ1992 የተከፈተው የሞሬኖ ቫሊ የገበያ ማዕከልና መኖሪያ ቤቶች ይገኛሉ። እዚያ ከተወዳደሩት የስፖርት መኪኖች ግን ብዙዎቹ ተጠግነው እስካሁን ይሽቀዳደማሉ። መኪናው ተርፎ መንገዱ መጥፋቱ ነው የሪቨርሳይድን ናፍቆት ለየት የሚያደርገው።

ሙሉው ትራክ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ዳገት የሚወጣ ክፍል ነበረው፤ ሾፌሮች ችሎታቸውን የሚያሳዩት እዚያ ነው። ድፍረት የሚፈተነው ደግሞ ከኋላ ባለው ቀጥታ መንገድ ነበር። ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይመጣና፣ መኪናው ወደ ቀኝ ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት የሚመልስበት ዘጠነኛው መታጠፊያ ይደርሳል። ጠርዙ ግድግዳ ስለሆነ ፍሬን የከዳው ሰው ማምለጫ አልነበረውም። ነፋስ በአስፋልቱ ላይ የሚበትነው አሸዋም ሌላ ጣጣ ነው። በ1965 ሾፌሩ ኤ ጄ ፎይት ፍሬኑ እምቢ ብሎት ተገለበጠና ጀርባው ተሰበረ። በነሐሴ 1966 ሌላው ሾፌር ኬን ማይልስ የፎርድን አዲስ የሙከራ መኪና ሲፈትሽ በዚያው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ዘጠነኛው መታጠፊያ በ1969 ሰፋ ተደርጎ ተሠራ። የድሮውን ዘመን ስናወድስ ይህንን መርሳት ይቀናናል።

ትራኩ ስም ያወጣው ቶሎ ነው። በ1958 ቻክ ዴይ አሜሪካ ሠራሹን የስፖርት መኪና ስካራብ ይዞ እነ ፌራሪን አሸነፈ። በ1960 የፎርሙላ ዋን ውድድር የሆነው የአሜሪካ ግራንድ ፕሪ እዚያ ተካሂዶ እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ በሎተስ አንደኛ ወጣ። ሾፌርና መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ የመንዳት ትምህርት ቤቱን የከፈተው በዚሁ ትራክ ሲሆን፣ ኮብራ የተባለችው መኪናውም በ1962 የመጀመሪያ ውድድሯን ያደረገችው እዚሁ ነው። በወጣትነቱ በሪቨርሳይድ ከተማ የኖረው ዳን ጋርኒ የ500 ማይሉን የናስካር (የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር) ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፏል። የመጨረሻው የናስካር ውድድር በ1988 ተካሂዶ ረስቲ ዋላስ አሸነፈ። ትራኩን ያጠፋው የተመልካች እጦት ብቻ አይደለም፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱ ከእሽቅድምድም ይልቅ ለግንባታ የሚያዋጣ ሆነ።

የድሮ መኪኖች ውድድር በካሊፎርኒያ መልክ የያዘው ስቲቭ ኧርል የተባለ ሰው በ1974 ላጉና ሴካ በተባለው የካሊፎርኒያ ትራክ ላይ የሞንተሬይን ዓመታዊ ውድድር ሲጀምር ነው። መኪኖቹ በዘመናቸውና በሞተራቸው መጠን ይመደባሉ። የደህንነት ቀበቶና እሳት የሚቋቋም ልብስ ዘመናዊ ቢሆኑም ጎማው፣ ሞተሩና ፍሬኑ መኪናው የተሠራበትን ዘመን ወግ እንዲጠብቁ ይጠየቃል። ሽልማቱ ከዋንጫ ብዙም አያልፍም፤ ዋናው ሕግ አለመነካካት ነው። በብዙ ክለቦች በጥፋቱ የሌላውን መኪና የጎዳ ሾፌር 13 ወር ይታገዳል፣ ከዚያም ሌላ 13 ወር በማስጠንቀቂያ ይነዳል። ለአንዳንዱ ይህ ሰልፍ እንጂ ውድድር አይመስለውም፤ ሞተሩ ቢፈነዳ መለዋወጫ ከገበያ የማይገኝለትን መኪና በፍጥነት ወደ ኩርባ የሚያስገባ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። የማያባራው ክርክር ሌላ ነው፦ ሻንሲው (መኪናው የቆመበት የብረት አጽም) ተቀይሮ፣ ቦዲው እንደ አዲስ ተቀጥቅጦ ከአሮጌው የቀረው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ፣ መኪናው ያው መኪና ነው?

ስለ ትራክ ግን እንዲህ ያለ ክርክር አይነሳም፤ አስፋልቱ አንዴ ከተቆፈረ አለቀ። እንግሊዝ ያለው ጉድዉድ ለውድድር የተዘጋው በ1966፣ ከሪቨርሳይድ 23 ዓመት ቀድሞ ነው፤ ሆኖም በ1998 እንደገና ተከፈተ፤ ሪቫይቫል በተባለው ውድድሩም ከ1948 እስከ 1966 በነበረው ዘመን ዓይነት መኪኖች ይሽቀዳደማሉ፣ ተመልካቹም የዚያን ጊዜ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ልዩነቱን የፈጠረው የሕዝብ ፍቅር አይመስለኝም። ጉድዉድ በሪችመንድ መስፍን ቤተሰብ ርስት ውስጥ ያለ ነው፤ መሬቱን ለመሸጥ የሚያጣድፍ አልነበረም፤ በተዘጋባቸው ዓመታትም ለመኪና ሙከራ ያገለግል ነበር። ሪቨርሳይድ እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም።